አዲስ ዲሬክተር በነባር ትምህርት ቤት



ከጣና የሚወርደው ጥቍር ዓባይ ከደቡብ ከሚመጣው ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ሦስት ከተሞች ውሃውን ከብበው ይተያያሉ። እነርሱም ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ ናቸው። ባሕሪ ከጥቍር ዓባይ በስተ ሰሜን ያለችው ከተማ ናት፤ ስሟም በአገሩ ዐረብኛ ሰሜን ማለት ነው። ብዙ ሰው ያውቃት የነበረው በፋብሪካ ሰፈሯ ነው። ነገር ግን በውሃው ዳር ካሉት ከጥንታውያን ሰፈሮቿ ሁለቱ፣ ሒላት ኾጀሊና ሒላት ሐመድ፣ የሚጠሩት በነጋዴ ወይም በጦር አለቃ ስም አይደለም። ኾጀሊና ሐመድ በፉንጅ መንግሥት ዘመን በዚያ የኖሩ የሃይማኖት መምህራን ነበሩ። ከሰፈሮቹ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ደግሞ ሐልፋያት አል ሙሉክ ትገኛለች። የሱዳንን ሊቃውንትና ቅዱሳን ታሪክ ሰብስቦ የጻፈው ሙሐመድ አን ኑር ወድ ደይፈላህ የዚያች ከተማ ሰው ነበር።

አንድ ከተማ ሰፈሩን በመምህር ስም ከጠራ፣ ትምህርት ለሕዝቡ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ይመሰክራል። እንግዲህ ወደዚህ ዓይነቱ አገር አዲስ ትምህርት ይዞ የሚመጣ ዲሬክተር የሚገባው ወደ ባዶ ቤት አይደለም፤ ባለቤት ወዳለው ቤት ነው። የዛሬው ንግግር የሚመለከተውም ይህንኑ ነው። ነባር ልማድ ባለው ትምህርት ቤት የተሾመ አዲስ ዲሬክተር ማሻሻልን የሚመራው በምን ዓይነት መንገድ ነው? ሹመትን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ መታመንን ግን መሥሪያ ቤት ሊሰጥ አይችልም። መታመን የሚገኘው ከመምህራኑና ከወላጆች እጅ ብቻ ነው፤ እነርሱም በነጻ አይሰጡትም። ይህን ነገር ለማስረዳት ከሱዳንና ከኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ጥቂት ምሳሌዎች ይቀርባሉ። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ አስቀድሞ ነባሩ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ ማየት ያሻል። በባሕሪም ሆነ በሌላው የሱዳን ክፍል ነባሩ ትምህርት ቤት ኸልዋ ይባላል። መምህሩ ፈኪ ይባላል። ተማሪው ሎሕ የተባለውን የእንጨት ሰሌዳ ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱን የቍርኣን ክፍል ይጽፍበታል፤ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ከያዘውም በኋላ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይወጣዋል። መምህሩ ሲፈቅድለት ሰሌዳውን አጥቦ የሚቀጥለውን ይጽፋል። ማታ ደግሞ ተማሪዎች በእሳት ብርሃን ዙሪያ ተሰብስበው ያጠናሉ። ታላቁ ታናሹን ያስጠናል፤ አንዱን የመጽሐፍ ክፍል የፈጸመ ልጅ እንደሆነ ቤተ ሰቡ ደግሶ ደስታውን ይገልጻል።

ይህን ሥርዐት የሰማ ኢትዮጵያዊ መምህር የገዛ አገሩን የቄስ ትምህርት ቤት ያስታውሳል። በዚያም ልጁ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ይሻገራል። በዚያም ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆችም ደግሰው መምህሩን ያከብራሉ። ሃይማኖቱና ቋንቋው ይለያይ እንጂ፣ የማስተማሩ ዘዴ ወንድማማች ነው ለማለት ይቻላል።

በነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ከፍ ያለ ነገር አለ፤ አዲሱ ዲሬክተር ግን ብዙ ጊዜ አያየውም። ይኸውም፣ ተማሪው የያዘውን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አለመሻገሩ ነው። ፈኪው ሰሌዳው እንዲታጠብ የሚፈቅደው ትምህርቱ በልጁ አእምሮ ውስጥ መግባቱን በጆሮው ሰምቶ ነው። የኔታም እንዲሁ ያደርጋል። ፈጣኑ ልጅ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም በፈጣኑ ምክንያት አይጣልም። በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን ልጁ ከአንደኛ ክፍል ወደ ሁለተኛ ክፍል የሚዛወረው ብዙ ጊዜ ዓመቱ ስላለቀ ነው። ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላስተማረ መምህር ዛሬ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ የኔታ ቢያዩት ኖሮ የሚደነቁት በልጁ ሳይሆን ባሳለፈው መምህር ነበር።

የነባሩ ትምህርት ቤት ጕድለትም አይሸሸግም። በቃል መያዝ ከማስተዋል ይቀድማል፤ አንዳንዴም ማስተዋል ጨርሶ ይቀራል። ሒሳብ፣ የምድር ታሪክ፣ የጤና አጠባበቅ የሚባሉት ቦታ የላቸውም። አለንጋ የመምህሩ ረዳት ነው። ሴት ልጅ ወይ በጭራሽ አትገባም፤ ብትገባም ገና በሕፃንነቷ ትወጣለች። ስለዚህ አዲስ ዲሬክተር የሚጠበቅበት ነባሩን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። የሚጠበቅበት ክብር የሚገባውን ከማይገባው ለይቶ ማወቅ ነው። ይህም ልየታ ከመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሆኖ አይገኝም።

በሱዳን የእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ኸልዋዎችን ለማሻሻል አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በተለይ በ1920ዎቹ ዓመታት መንግሥቱ ለተመረጡ ኸልዋዎች ጥቂት ገንዘብ እየሰጠ፣ ከቍርኣኑ ጋር ጽሕፈትና ሒሳብ እንዲያስተምሩ አዘዘ። አሳቡ ለመንግሥቱ ግምጃ ቤት ርካሽ ነበር፤ ፍሬው ግን አላረካም፤ በ1930ዎቹም ሙከራው ተተወ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ፈኪው ያልተማረውን ሒሳብ እንዲያስተምር ታዘዘ እንጂ እርሱ ራሱ በበቂ አልተማረም። የተሰጠውም ድጎማ ገንዘብን ጨመረለት እንጂ ዕውቀትን አልጨመረለትም። ከዚህም የተነሣ፣ ብዙው ኸልዋ አዲሱን ሳይዝ የቀድሞውን አደከመ። መምህሩን ሳይለውጡ ትምህርት ቤትን ለመለወጥ መሞከር ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከዚህ የሚለየው ሌላው ምሳሌ የሚገኘው ከባሕሪ ጥቍር ዓባይን ተከትሎ ወደ ላይ ሲወጡ፣ በዚያው በምሥራቁ ዳር ባለችው በሩፋዐ ከተማ ነው። በዚህች ከተማ በ1903 የወንዶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ኀላፊነቱን የያዙት ሼኽ ባቢክር በድሪ ነበሩ። እኒህ ሰው የኸልዋ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው የማሕዲ ወታደር ሆነው ዘምተዋል፤ በ1889 ወደ ግብጽ በተዘመተው በአን ኑጁሚ ጦርም ውስጥ ነበሩ። የሕዝቡን ልማድ ከውጭ ሆነው የሚያጠኑት ነገር አልነበረም፤ ከአጥንታቸው ጋር ያደገ ነው።

ሼኽ ባቢክር የወንዶቹ ትምህርት ቤት ከተቋቋመ በኋላ ለሴቶች ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲከፈት የትምህርቱን መሥሪያ ቤት ጠየቁ። በ1904 ጠይቀው ተከለከሉ። በ1906 እንደገና ጠየቁ፤ አሁንም ተከለከሉ። እንግሊዞቹ ሹማምንት ሕዝቡ በሃይማኖት ምክንያት እንዳይነሣባቸው ይፈሩ ነበር። በመጨረሻ በ1907 የትምህርቱ ዲሬክተር ጄምስ ከሪ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ግን ትምህርት ቤቱ በሼኹ በራሳቸው ቤትና በራሳቸው ወጪ እንዲሆን የሚል ነበር። ነገሩ ቢከሽፍ የሚዋረዱት እርሳቸው እንጂ መንግሥቱ አይደለም ማለት ነው።

ሼኽ ባቢክር በዚህ አላዘኑም። ትምህርት ቤቱን በጭቃ ቤታቸው ውስጥ በ17 ልጃገረዶች ከፈቱ። ከ17ቱም ዘጠኙ ከገዛ ቤተ ሰባቸው የወጡ ነበሩ። የሰውን ልጅ ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን ልጆች አቀረቡ። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት ስፍራ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አባት የሆነ ሁሉ ይገነዘበዋል። ወሬ ቢነሣ የሚነሣው በእርሳቸው ሴት ልጆች ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ጎረቤቱ፣ «ለሌላው ሰው ልጅ የሚመክረውን ለራሱ ልጅ አይወድም» ሊላቸው አልቻለም። በኋላም ሌሎች የሴቶች ትምህርት ቤቶች ተከተሉ፤ በ1921 በኦምዱርማን የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሼኽ ባቢክር ከመንግሥት ሥራ ከወጡ በኋላ አሕፋድ የሚባለውን ትምህርት ቤት መሠረቱ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ ደግሞ በ1966 በኦምዱርማን የሴቶች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ እርሱም ኋላ የአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርስቲ ለመሆን በቃ። የጭቃው ቤት ፍሬ ይህን ያህል ርቆ ሄደ።

ከሼኽ ባቢክር ሥራ ሁለት ነገሮች ጐልተው ይታያሉ። መጀመሪያው፣ በአካሄድ ታጋሽ፣ በዓላማ ግን ጽኑ መሆናቸው ነው። ሁለት ጊዜ ሲከለከሉ ሴቶችን ትተው ወደ ቀላሉ ሥራ አልዞሩም። ሁለተኛው፣ የለውጡን ዋጋ ከሌላው በፊት ራሳቸው መክፈላቸው ነው። ዛሬም በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኖ የገዛ ልጆቹን በሌላ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ መልካምነት በወላጆች ስብሰባ ላይ ቢናገር፣ ወላጆቹ በትሕትና ያዳምጡታል፤ አያምኑትም።

መታመንን ለማግኘት ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም የሚታመን ሰው አገናኝ እንዲሆን ማድረግ ነው። በአዲስ አበባ በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የነበረው ችግር የታወቀ ነው። ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት የፈረንጅን ሃይማኖት ይዞ ይገባል ብለው ሠጉ። ዐፄ ምኒልክም ሥጋቱን በንቀት አላለፉትም፤ በጉልበትም አልሰበሩትም። መምህራኑን ከግብጽ፣ ከቅብጦች መካከል አስመጡ፤ በሐና ሳሊብ ቤይ አመራርም ሥራው ተጀመረ። የእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ይሾምላት ለነበረችው ቤተ ክርስቲያን የግብጽ ቅብጥ በሃይማኖት ባዕድ አይደለም። የውጭ አገር ቋንቋና ዘመናዊ ትምህርት በዚህ በኩል ገባ። ትምህርቱ አዲስ ነበር፤ ይዘውት የገቡት ሰዎች ግን የሚታመኑ ነበሩ። እንዲህ ያለው መላ ለውጡን ማዘግየቱ አልቀረም፤ ቢሆንም ሥራው ሳይሰበር እንዲዘልቅ አድርጎታል።

እስካሁን የተነገረው ስለ መታመን ነው። መታመን ብቻውን ግን ትምህርትን አያሻሽልም፤ በመታመኑ ላይ የሚሠራ ሥራ ያስፈልጋል። ለዚህ ክፍል ወደ ሱዳን መመለስ ይገባል። ከካርቱም በስተ ደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር፣ በአድ ዱዌይም ከተማ አጠገብ፣ በ1934 በኽት አር ሩዳ የሚባል የመምህራን ማሠልጠኛ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን የሚሠለጥኑት በካርቱም በጎርደን ኮሌጅ ነበር። የበኽት አር ሩዳ የመጀመሪያው ዲሬክተር ግሪፊትስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሲሆኑ፣ ከአጠገባቸው በምክትልነት የሠሩት ሱዳናዊው ዐብዱረሕማን ዐሊ ጣሃ ነበሩ። እኒህ ሰው በኋላ፣ በ1948፣ የመጀመሪያው ሱዳናዊ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ።

ማሠልጠኛው ከዋናው ከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር መሄዱ በአሳብ የተደረገ ነው። ሠልጣኙ የሚያስተምረው በመንደር ነውና፣ በከተማ ኑሮ ተለማምዶ መንደሩን እንዳይንቅ ተፈለገ። ቤቶቹ ቀላል ነበሩ፤ የእርሻና የእጅ ሥራ ከመጽሐፉ ትምህርት ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ከማሠልጠኛው ጋር የመለማመጃ ትምህርት ቤት ተያይዞ ተሠራ። አዲስ የትምህርት ዝርዝር ወይም አዲስ መጽሐፍ ሲዘጋጅ አስቀድሞ በዚያ ትምህርት ቤት በልጆች ፊት ይፈተናል፤ የማይሠራው ይታረማል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ትምህርት ቤቶች ይላካል። መጽሐፉም ብቻውን አይላክም፤ መምህሩ ትምህርቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስረዳ የመምህር መምሪያ አብሮት ይሄዳል። ቀድሞ ተምረው የወጡት መምህራንም ለተጨማሪ ትምህርት ተመልሰው ይጠሩ ነበር።

ከዚያ ከወጡት መጻሕፍት መካከል «በሱዳን ኑሮ የሚገኝባቸው መንገዶች» የሚለው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ዛሬም በሽማግሌዎች ዘንድ ይታወሳል። መጽሐፉ ልጁን ወንዝና ተራራ በስም አያስቈጥረውም። በአሳብ መንገድ ያስጀምረውና በየአገሩ ወዳጅ ያገኛል። በሰሜን በአል ጎሊድ ቴምር የሚያመርተውን፣ በደቡብ በያምቢዮ በጫካው አገር የሚኖረውን፣ በቀይ ባሕር ዳር በሙሐመድ ጎል ያለውን ሰው ይጐበኛል። የኸልዋው ልማድ በቃል መያዝ ነበር፤ አዲሱ መጽሐፍ ይህን ልማድ አልናቀውም። ልጆቹ ጕብኝቱን በግጥም ይይዙት ነበርና። የሚይዙት ነገር ግን የሚገባቸውና የገዛ አገራቸውን የሚያሳያቸው ሆነ። ነባሩን ችሎታ ለአዲስ ዓላማ ማዋል ማለት ይህ ነው።

ይህ ሥራ እንከን አልነበረበትም ማለት አይቻልም። የተሠራው በባዕድ አገዛዝ ሥር ነው፤ ያ አገዛዝ ለትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ ከትምህርት ደጃፍ ውጭ የቀረው ሕፃን ከገባው እጅግ ይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ አካሄዱ ለማንኛውም ዲሬክተር ይጠቅማል። ከውጭ የመጣው ሰው አገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተጣመረ። አዲሱ ነገር በሰፊው ከመታዘዙ በፊት በትንሹ ተሞከረ። መምህሩም የማያውቀውን እንዲሠራ ከመታዘዙ በፊት ተማረ። የኸልዋው ድጎማ የጐደለው ይኸው ነበር።

አሁን ደግሞ መምህራንን ወደ ጐን የተወ ማሻሻያ ምን እንደሚደርስበት ለማየት የኢትዮጵያን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት የአገሩን ትምህርት በሙሉ የሚመረምር ሰፊ ጥናት አስደረገ። በሰፊው ሴክተር ሪቪው ተብሎ የታወቀው ይህ ጥናት በሊቃውንት የተሠራ ነበር፤ የዓለም ባንክም ረድቶታል። ብዙ ቍም ነገርም ነበረበት፤ የትምህርት ዕድል ወደ ገጠር እንዲደርስ ያስብ ነበር። ነገር ግን ዕቅዱን በክፍል ውስጥ የሚፈጽመው መምህር በጊዜው አልተነገረውም። ውሳኔው ለሕዝብ ሲገለጥ መምህራኑ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሠጉ፤ ወላጆችም ልጆቻችን በአራተኛ ክፍል ሊቀሩ ነው ብለው ሠጉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። አድማው ያን ጊዜ ከተነሡት ከሌሎች ብሶቶች ጋር ተቀላቀለ፤ መንግሥቱም ዕቅዱን ለማንሣት ተገደደ። የንጉሠ ነገሥቱም መንግሥት ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ወደቀ።

በዚያ ዕቅድ ውስጥ ትክክለኛ የነበረው ሁሉ ከስሕተቱ ጋር አብሮ ወደቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን የፈሰሰውን የለቀመ አልተገኘም። ይህ የሆነው በአገር ደረጃ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም መልኩ ያው ነው። ዲሬክተሩ ክረምቱን ብቻውን ሲያቅድ ይከርማል፤ መስከረም ሲብት መምህራኑን ሰብስቦ የተፈጸመ ነገር ያነብላቸዋል። መምህራኑ ዝም ይላሉ። ዲሬክተሩም ዝምታውን ስምምነት ይለዋል። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ በሩ ሲዘጋ የቀድሞው ትምህርት እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፤ በመዝገቡ ላይ ግን አዲሱ ሥርዐት በሥራ ላይ እንደዋለ ተጽፎ ይላካል። እንዲህ ያለ መዝገብ ያላየ የትምህርት ኢንስፔክተር አይኖርም።

እንግዲህ ከነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣውን ትምህርት ወደ ዕለታዊው ሥራ ማምጣት ይገባል። አዲስ ዲሬክተር በመጀመሪያው የትምህርት ወራት ሊያደርገው የሚገባው ትልቁ ሥራ ማየትና መስማት ነው። በዕድሜ የገፋውን መምህር ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጥ፤ የሚቀመጠውም ስሕተት ለመልቀም ሳይሆን ያ መምህር ለምን በተማሪዎቹ እንደሚወደድ ለማወቅ ነው። የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ ካህኑን ወይም ሼኹን በየቤታቸው ሄዶ ይጠይቅ። እነርሱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እስኪጠሩ አይጠብቅ፤ እንግዳ ሆኖ የሚገባው እርሱ ነውና። ወላጆች በትምህርት ቤቱ የሚመኩበት ምን እንደሆነ ይወቅ። የሚመኩበትን ሳያውቅ የነካ ሰው በኋላ የሚጠቅመውንም ሲያመጣ አይሰሙትም።

ሁለተኛው፣ ከብዙ ችግሮች መካከል አንዱን መርጦ በትንሹ መጀመር ነው። ለምሳሌ ችግሩ ልጆች ሳያነቡ ከክፍል ወደ ክፍል መዛወራቸው እንደሆነ፣ በአንድ ክፍል፣ ከአንድ ፈቃደኛ መምህር ጋር፣ የነባሩን ትምህርት ቤት ልማድ መልሶ ማምጣት ይቻላል። እያንዳንዱ ልጅ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ያልያዘው ታላቅ ተማሪ ይመደብለታል። በወራቱ መጨረሻ የሌሎቹ ክፍሎች መምህራን መጥተው ልጆቹ ሲያነቡ ይሰማሉ። የሰሙት ነገር ከማንኛውም ትእዛዝ ይልቅ ያሳምናቸዋል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ሥራን ማዘግየት አይደለም፤ ሳይሰበር እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው፣ ዲሬክተሩ ራሱ ማስተማሩን እንዳይተው ነው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንኳ በክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ የሚቆም ዲሬክተር መምህሩን የሚያዝዘው የሚያውቀውን ሥራ ነው። ከሁሉም ደካማ የሆነውን ክፍል ቢወስድ ደግሞ ይበልጣል። ሼኽ ባቢክር ዘጠኙን የቤታቸውን ልጆች እንዳቀረቡ፣ ይህም የራስን ድርሻ አስቀድሞ ማቅረብ ነው።

አራተኛው ከባድ ነው። ነባሩን ማክበር ማለት ስለ ሁሉ መስማማት አይደለምና፣ ዲሬክተሩ የማይለቀውን ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት። ልጅ በጅራፍ እንዳይገረፍ፣ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል በመማሪያው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ፣ ድኻ በድኽነቱ እንዳይመለስ፤ እነዚህ የሚዘገዩ ጕዳዮች አይደሉም። በእነዚህ ነገሮች የሚገኘው ተቃውሞ በትዕግሥት መሰማት አለበት፤ ውሳኔው ግን አይላወስም። በሌላው ሁሉ፣ በሰዓቱ ድልድል፣ በመጽሐፉ ቅደም ተከተል፣ በበዓላት አከባበር፣ ዲሬክተሩ ለነባሩ ልማድ በልግስና ቢሸነፍ አይጐዳም። እንዲያውም በትንሹ የተሸነፈ ሰው በትልቁ ሲጸና ይሰማል።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ሥራው ከሹሙ ጋር እንዳይሄድ ማድረግ ነው። ዲሬክተር ይዛወራል፤ መምህርና ወላጅ ግን ይቀራሉ። በኽት አር ሩዳ የመምህር መምሪያ መጻፉ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀቱ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ተዘግቶ አልቀረም። ዲሬክተሩ ሲሄድ መምህራኑ፣ «የእገሌ ሥርዐት» የሚሉት ማሻሻያ ዕድሜው አጭር ነው። «የኛ ሥርዐት» ካሉት ግን የሠራው ሰው ስሙ ቢረሳም ሥራው ይኖራል።

ክቡራን መምህራን፤

ይህ ንግግር ከባሕሪ ተነሥቶ ነበር፤ ወደ ባሕሪ ተመልሶ ቢያበቃ ይገባዋል። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱምና በአካባቢዋ በተነሣው ጦርነት ባሕሪ የውጊያ ሜዳ ሆነች። ነዋሪዎቿ ወደየአገሩ ተበተኑ፤ ከነርሱም ጋር በዚያ በስደት ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተበተኑ። በመላው ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከትምህርት የተለዩትን የሱዳን ልጆች 19 ሚሊዮን ያህል ናቸው ብሎ ነበር። በ2025 መጀመሪያ የሱዳን ጦር ባሕሪን መልሶ ያዘ፤ ሰውም ጥቂት በጥቂት ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ።

ወደዚያ የሚመለስ ዲሬክተር፣ ቀድሞ በቦታው የነበረ ቢሆን እንኳ፣ አዲስ ዲሬክተር ነው። ወንበሩና መዝገቡ ጠፍቶ ይሆናል፤ ከመምህራኑ የተመለሰው ከፊሉ ብቻ ይሆናል፤ ልጆቹም ያዩትን አይተው መጥተዋል። በእጁ የቀረለት ሀብት ሕዝቡ ለትምህርት ያለው ጥንታዊ ክብር ነው። በሒላት ኾጀሊና በሒላት ሐመድ አባቶች ልጆቻቸውን በአንዲት የእንጨት ሰሌዳ አስተምረዋል፤ ፈኪውም ቤት አማርጦ አላስተማረም። ወላጆችን ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ ከሚያውቁት የሚጀምር፣ የገዛ ልጁን በመጀመሪያው ረድፍ የሚያስቀምጥ፣ የተመለሱትን ጥቂት መምህራን አማክሮ የሚሠራ ሰው በዚያ ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል። በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በደሴም አዲስ ሹመት የተቀበለ ዲሬክተር ችግሩ ከዚህ ይቀልለታል፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው።

በኸልዋው ውስጥ ተማሪው የዕለቱን ትምህርት በሚገባ ሲይዝ ሰሌዳውን ያጥባል፤ በዚያው ሰሌዳ ላይ አዲሱን ይጽፋል። ትምህርቱ ሳይያዝ ሰሌዳው አይታጠብም። አዲስ ዲሬክተርም ያገኘውን ሳይማር እንዳያጥብ፣ ከተማረውም በኋላ መጻፉን እንዳይፈራ ያስፈልጋል።